የቅመም ቅጠል ከማሰሮው እስከ ድስቱ፦ በየወቅቱ ሳይሞት፣ ሳይሻግት፣ ጣዕሙ ሳይጠፋ

በሶብላው በሦስተኛው ሳምንት ይጠወልጋል። ሮዝመሪው ከታች ጀምሮ ይጠቁራል። ለማድረቅ የተሰቀለው ናና ይሻግታል። ደርቆ የተቀመጠው ጦስኝ ደግሞ ሾርባ ላይ ሲበተን ገለባ ገለባ ይላል። አራት የተለያዩ ጥፋቶች ይመስላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚመጡት ሁሉንም ቅጠል በአንድ ዓይነት ከመያዝ ነው።

ስለዚህ አፈርም ሆነ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ክፍፍል ያዙ፦

ለስላሳ ግንድ ያላቸው፦ በሶብላ፣ ናና፣ ድንብላል፣ ፐርስሊ። ቅጠላቸው ሰፋ ያለና ውሃ የበዛበት ነው። ውሃ ይወዳሉ፣ ቶሎ ያድጋሉ፣ ቶሎም ይበላሻሉ።

እንጨታም ግንድ ያላቸው፦ ሮዝመሪ (የጥብስ ቅጠል)፣ ጦስኝ፣ ኦሬጋኖ። ቅጠላቸው ትንንሽና ጠንከር ያለ ነው። ደረቅ እግር ይፈልጋሉ፣ በዝግታ ያድጋሉ፣ ሲደርቁም ጠረናቸውን አይለቁም። ኦሬጋኖ ግንዱ ለጋ ሲሆን ወደ ለስላሳዎቹ ያደላ ይመስላል፤ አትታለሉ፣ ከእነዚህ ጋር ያዙት።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ ውሃውም፣ መቁረጡም፣ ማድረቁም፣ ድስት ውስጥ የሚገባበት ሰዓትም የሚለየው በዚህ ነው።

## 1. ዝግጅት

ብርሃኑን ለኩ። በዓይን ገምታችሁ አትወስኑ። አንድ ቀን ቤት ስትውሉ በየሰዓቱ ቦታውን እያያችሁ ፀሐይ በቀጥታ ለስንት ሰዓት እንደሚያርፍበት ጻፉ። 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁሉም ይበቅላል። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ ናና፣ ፐርስሊና ድንብላል ብቻ ትከሉ። ሮዝመሪና በሶብላ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ማሰሮውን ምረጡ። ጥልቀቱ ቢያንስ 20 ሴ.ሜ ይሁን። ከሥሩ ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ምንም ቢያምር አትጠቀሙበት። የሸክላ ማሰሮ ውሃን በጎኑ ስለሚያተን ለእንጨታሞቹ ይመቻል፤ ፕላስቲክ እርጥበት ስለሚይዝ ለለስላሶቹ ይሻላል።

ከታች ጠጠር አትጨምሩ። ብዙ ሰው ውሃው እንዲወርድ ብሎ ያደርገዋል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ቆሞ ይቀራል። ሥሩ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ቀዳዳው አፈር እንዳያፈስ ከፈለጋችሁ ቁራጭ ወንፊት ወይም ስስ ጨርቅ ይበቃል።

አፈሩን ቀላቅሉ። ለለስላሶቹ ሁለት እጅ ለም አፈር ከአንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ጋር። ለእንጨታሞቹ ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ጋር። ለእነዚህኞቹ ማዳበሪያ አታብዙ፤ ቅጠሉ ይበዛል፣ ጠረኑ ይሳሳል።

ናናን ለብቻው ትከሉ። ከመሬት በታች እየተሳበ ስለሚሰራጭ በጥቂት ወራት ጎረቤቱን ሁሉ ይውጣል። ሮዝመሪና በሶብላንም አንድ ማሰሮ ውስጥ አታጋሩ፤ አንዱን የሚያጠግብ ውሃ ሌላውን ይገድላል።

ለጌጥ ተብሎ የተሸጠ ችግኝ ለምግብ የማይሆን ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል ለምግብ አትጠቀሙበት። ምን እንደሆነ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ቅጠል ደግሞ ስለሸተተ ብቻ ድስት ውስጥ አትክተቱ።

## 2. መትከል

ሁሉንም ከዘር ለመጀመር አትሞክሩ። ጀማሪዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው።

በሶብላ፦ ብርዱ ሙሉ በሙሉ ሲያልፍ ዝሩት። አየሩ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበቅላል። ከ10 ዲግሪ በታች ቅጠሉ ይጠቁራል።

ድንብላል፦ ክብ የሆነው ፍሬ ውስጡ ሁለት ዘር ነው። በማንኪያ ጀርባ ጫን ብላችሁ ለሁለት ክፈሉት እንጂ አትፍጩት። ሥሩ ወደ ታች ረጅም ስለሆነ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ይከፋዋል፤ በሚኖርበት ማሰሮ ዝሩት። ሙቀት ሲበዛ ቅጠል ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል። ይህን የሚያስቀር ዘዴ የለም፤ መፍትሔው በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ነው።

ፐርስሊ፦ ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በአሥረኛው ቀን «አልበቀለም» ብላችሁ አፈሩን አትቆፍሩ።

ናና፦ 10 ሴ.ሜ የሚሆን ጫፍ ቁረጡ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ንቀሉ፣ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አቁሙት። ውሃውን በየ2 ቀኑ ለውጡ። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። በሶብላም እንዲሁ ይሆናል።

ሮዝመሪ፦ ከዘር ማብቀል አድካሚ ነው። አበባ ከሌለው ለጋ ቅርንጫፍ 10 ሴ.ሜ ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፣ እርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ሰክታችሁ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ብርሃናማ ቦታ አስቀምጡ። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ጠብቁ። ሥር ማውጣቱን ለማወቅ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት፤ ከያዘ በቅሏል። አምስት ስኩ፤ ሁለቱ ቢይዙ ጥሩ ነው።

### ሲበላሽ

*ችግኙ በአንገቱ ቀጥኖ ከወደቀ* እርጥበት በዝቶበት በፈንገስ ተይዟል። የወደቀው አይነሳም። በሕይወት ያሉትን ነፋስ ወዳለበት አውጡ፣ ላይኛው አፈር እስኪደርቅ ውሃ ከልክሉ።

*ችግኙ ረዝሞና ነጥቶ ከዘመመ* ብርሃን አንሶታል። ውሃ መጨመር አያድነውም፤ ቦታ ቀይሩለት።

## 3. ውሃ ማጠጣት

ከጥማት ይልቅ ውሃ የሚገድላቸው ይበዛሉ። እኔ ራሴ በተከታታይ ሦስት ሮዝመሪ በፍቅር አጠጥቼ ቀብሬያለሁ፤ አራተኛውን ያዳነው ስንፍናዬ ነው።

1. ጣታችሁን 3 ሴ.ሜ ያህል አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ላዩን ብቻ አትዩ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ ሊሆን ይችላል።
2. ለለስላሶቹ፦ ጣታችሁ የነካው ደረቅ ከሆነ አጠጡ።
3. ለእንጨታሞቹ፦ ደረቅ ቢሆንም 2 ወይም 3 ቀን ቆዩ። ማሰሮውን አንሡት፤ ቅልል ካለ ያኔ አጠጡ።
4. ስታጠጡ በጥቂቱ አትርጩ። ከሥሩ ቀዳዳ እስኪፈስ በደንብ አጠጡ።
5. ከ30 ደቂቃ በኋላ ከሥሩ ካለው ሳህን የተጠራቀመውን ውሃ ድፉ።
6. በጠዋት፣ አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ።

«በየስንት ቀኑ?» ለሚለው መልስ የለም። በሙቀት ወራት በሶብላ በየቀኑ ሊጠማ ይችላል፤ በብርድ ወራት ሮዝመሪ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ቀን አትቁጠሩ፣ ጣታችሁን እመኑ።

### ተክሉ ሲጠወልግ

ውሃ የጠማውም ውሃ የበዛበትም ሲጠወልግ መልኩ አንድ ነው። ብዙ ተክል የሚሞተው ሁለተኛው ሆኖ ሳለ እንደ መጀመሪያው ሲታከም ነው። ቆርቆሮውን ከማንሳታችሁ በፊት ጣታችሁን አስገቡ።

*አፈሩ ከደረቀ፦* አጠጡ። ውሃው ሳይሰርግ በጎን ከወረደ አፈሩ ከመጠን በላይ ደርቆ ውሃ መምጠጥ አቅቶታል። ማሰሮውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ለ30 ደቂቃ አስቀምጡት፤ ከታች ይጠጣ።

*አፈሩ ከረጠበ፦* ተክሉን ከነአፈሩ ገልብጣችሁ አውጡ። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ወደ ቦታው መልሱና እስኪደርቅ ተዉት። ቡናማ፣ ልስልስና የሚከረፋ ከሆነ የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጣችሁ አዲስ ደረቅ አፈር ውስጥ ትከሉ። ከግማሹ በላይ ከበሰበሰ ጊዜ አታባክኑ፤ ጤነኛ ጫፍ ቁረጡና በክፍል 2 (መትከል) እንዳለው እንደገና ጀምሩ።

*በሶብላ ቀትር ላይ ተኝቶ ማታ ከተነሳ* እና አፈሩ እርጥብ ከሆነ ደኅና ነው። ፀሐዩ ነው የከበደው።

ቅጠሉ ሥር ትንንሽ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነፍሳት ከተሰባሰቡ ክሽክሽ ነው። መጀመሪያ በኃይለኛ ውሃ እጠቡት። ካልሄደ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ የቅጠሉን ሥር ማታ ማታ እርጩ። ከመብላታችሁ በፊት ቅጠሉን በደንብ አለቅልቁ።

## 4. መቁረጥ

መቁረጥ የፈራ ሰው በሶብላው ቀጥኖ ረዝሞ ያብብበታል። የደፈረ ሰው ደግሞ ሮዝመሪውን መላጣ ያደርገዋል።

በአንድ ጊዜ ከተክሉ ሲሶ በላይ አትውሰዱ። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ቁረጡ።

በሶብላ፦ ቁመቱ 15 ሴ.ሜ ሲደርስ ከታች ሁለተኛው የቅጠል ጥንድ በላይ ጫፉን ቁረጡ። ከዚያ አንጓ ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። ነጠላ ቅጠል እየቀነጠሱ ግንዱን መተው ትልቁ ስህተት ነው። አበባ ባያችሁ ጊዜ ቀንጥሱት።

ፐርስሊና ድንብላል፦ ከዳር ያለውን ያረጀ ዘንግ ከሥሩ ቁረጡ። መሐል ያለውን ለጋ አትንኩ፤ አዲሱ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ናና፦ ይህ አይፈራም። ሲሶ የሚለው ሕግ ለእሱ አይሠራም፤ ከመሬት 5 ሴ.ሜ አስቀርታችሁ ብትሸልቱት ተመልሶ ይመጣል።

ሮዝመሪና ጦስኝ፦ አረንጓዴውን ለጋ ክፍል ብቻ ቁረጡ። ቅጠል የሌለው ቡናማ እንጨት ድረስ ከወረዳችሁ ሮዝመሪ ከዚያ ቦታ አያቆጠቁጥም። ጥፋቱ አንዴ ከተሠራ የሚመለስ አይደለም፤ የቀረውን አረንጓዴ ሳትነኩ እንዲያድግ ተዉት።

## 5. ወቅቱ ከመዞሩ በፊት ማቆየት

ዝናቡ ወይም ብርዱ ሊገባ ሲል ብዙ የምትቆርጡበት ጊዜ ነው። ለማድረቅ የሚሻለው ተክሉ ሊያብብ ሲል ነው፤ ጠረኑ ያኔ ይበረታል።

እዚህም ክፍፍሉ ይመለሳል። እንጨታሞቹን አድርቁ። ድንብላልንና ፐርስሊን አታድርቁ፤ ሲደርቁ ቀለም ብቻ ይቀራል፤ እነሱን በፍሪዘር አስቀምጡ። ናና በጥንቃቄ ይደርቃል። በሶብላ ይደርቃል፣ ግን በፍሪዘር ይበልጣል።

### ማድረቅ

1. እጠቡ፣ አራግፉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ጠብታ እስኪጠፋ ጠብቁ። ሻጋታ የሚጀምረው እዚህ ቸኩሎ ከማለፍ ነው።
2. ከ5 እስከ 8 ዘንግ ብቻ በሲባጎ እሰሩ። ወፍራም እስር መሐሉ አይደርቅም። ናና ከሆነ ከ4 አይብለጥ።
3. ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉ። ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ጠረኑን ያበናል። ከምድጃ በላይም አትስቀሉ፤ እንፋሎቱ ያረጥበዋል።
4. ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ ፈትኑ። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ መፍረክረክ፣ ዘንጉም ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ዘንጉ ከታጠፈ አልደረቀም።
5. ቅጠሉን ሳትፈጩ ከዘንጉ አራግፋችሁ ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ዕቃ አስቀምጡ። የምትፈጩት የምትጠቀሙበት ዕለት ነው።
6. ይህን አትዝለሉ፦ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ዕቃውን እዩት። በመስታወቱ ውስጥ ጠል ከታየ ወዲያው አውጡና እንደገና አድርቁ። ሻጋታ ከታየ ግን ሁሉንም ጣሉ። የሻገተውን ለቅሞ የቀረውን መብላት አይቻልም።

አየሩ እርጥብ ሆኖ አልደርቅ ካለ በኦቨን ዝቅተኛው ሙቀት፣ ከ50 ዲግሪ ባልበለጠ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ አድርቁ። ወጥ ቤቱ በጠረን ከተሞላ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ቤቱን ያወደው ጠረን ከቅጠሉ የወጣ ነው። በጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ አንድ ዓመት ያህል ያገለግላል።

### በፍሪዘር

ቅጠሉን በደቃቁ ክተፉ፣ በበረዶ መሥሪያ ጉድጓዶች ግማሽ ድረስ ሙሉ፣ እስኪሸፈን ውሃ ወይም ዘይት ጨምሩ። ሲጠጥር አውጥታችሁ በከረጢት አድርጉና ስሙንና ቀኑን ጻፉ፤ ከበረዶ በኋላ ሁሉም አረንጓዴ አንድ ይመስላል። በሶብላ እንዳይጠቁር መጀመሪያ ለ10 ሴኮንድ ያህል የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ወዲያው በረዷማ ውሃ ውስጥ አስገቡት። በ6 ወር ውስጥ ተጠቀሙበት።

### ማስጠንቀቂያ፦ ቅጠል በዘይት

ትኩስ ቅጠል ወይም ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ያምራል፣ ግን አደገኛ ነው። ዘይት አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ እዚያ ይመቸዋል። መርዙ ሽታም ሆነ ቀለም ላያሳይ ስለሚችል ቀምሶ ማወቅ አይቻልም። እንዲህ ያለውን ዘይት የምትፈልጉትን ያህል ብቻ ሠርታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ በ4 ቀን ውስጥ ጨርሱ። ከዚያ በላይ ለማቆየት ፍሪዘር ብቻ። ቀኑ የተረሳ ከሆነ አትቅመሱ፣ ድፉት።

## 6. ድስት ውስጥ

እንጨታሙ መጀመሪያ፣ ለስላሳው መጨረሻ። ሮዝመሪና ጦስኝ ከሽንኩርቱና ከዘይቱ ጋር ይግቡ፤ ጠረናቸው በዘይት ውስጥ ይፈታል። ድንብላል፣ ፐርስሊና በሶብላ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይግቡ። የደረቀ ቅጠል ሁሉ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ቀድሞ ይገባል፤ መጨረሻ ላይ ሲበተን ነው ገለባ የሚሆነው።

ልኩ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ የተከተፈ በ1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ይተካል። ያረጀ ደረቅ ከሆነ በመዳፍ አሽታችሁ አሽትቱ፤ ካልሸተተ ብዛት አያድነውም።

### በብርድ ወራት፦ ቦሎቄ በጦስኝ

1. 2 ስኒ ደረቅ ቦሎቄ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፤ ውሃውን ድፉ።
2. በአዲስ ውሃ ቀቅሉ። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በኃይል መንተክተክ አለበት፤ በደንብ ያልበሰለው ሆድ ክፉኛ ያውካል። ከዚያ እስኪለሰልስ በቀስታ ይብሰል።
3. በሌላ ድስት ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ። 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝና አንድ ትንሽ የሮዝመሪ ዘንግ ጨምራችሁ ለ1 ደቂቃ አማስሉ።
4. ቦሎቄውን ከጥቂት መቀቀያ ውሃው ጋር ገልብጡበት፣ ጨው ጨምሩ፣ 20 ደቂቃ ይንተክተክ።
5. የሮዝመሪውን ዘንግ አውጡ። ከፍሪዘር አንድ የፐርስሊ በረዶ ጣል አድርጉና አውርዱ።

### በሙቀት ወራት፦ ያልበሰለ አረንጓዴ ስልስ

አንድ እፍኝ ፐርስሊ፣ አንድ እፍኝ ድንብላል፣ ጥቂት ናና በቢላ ክተፉ። የሎሚ ጭማቂ፣ ዘይትና ጨው ጨምሩ። በመፍጫ ከሠራችሁ ለአፍታ ብቻ ፍጩ፤ ሲቆይ ይመራል። ለተቀቀለ ድንች፣ ለዓሣ፣ ለሩዝ ይሆናል። የዕለቱን ብቻ ሥሩ።

### በየትኛውም ወቅት፦ ድንች በሮዝመሪ

ድንቹን ቆራርጣችሁ 8 ደቂቃ ቀቅሉ፣ አጥልሉ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ተዉት። በዘይትና በጨው ለውሳችሁ በ200 ዲግሪ ኦቨን ለ40 ደቂቃ ያህል አብስሉ። ሮዝመሪውን የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃ ላይ ብቻ ጨምሩ። «እንጨታሙ መጀመሪያ» የሚለው ሕግ ለድስት እንጂ ለደረቅ ሙቀት አይሠራም፤ ኦቨን ውስጥ ቀድሞ ከገባ ያራል፣ ይመራል።

### ጣዕሙ ሲበላሽ

*ሮዝመሪ ወይም ጦስኝ ከበዛ* ዘንጉን ወዲያው አውጡና ውሃና ተጨማሪ ድንች ወይም ቦሎቄ ጨምሩ። ስኳር አትጨምሩ።

*ለስላሳው ቅጠል ቀድሞ ገብቶ ጠረኑ ከጠፋ* የገባውን ለማውጣት አትድከሙ። እሳቱን አጥፍታችሁ ሌላ ትኩስ እፍኝ ከጥቂት ሎሚ ጋር ጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ከ2 ደቂቃ በኋላ አቅርቡ።